የእመት አህያ የዓመት ጉርሻ

ተረት ላወራ ነውና ጠጋ በሉ። ጥሬ የያዛችሁ እየቆረጠማችሁ፣ ያልያዛችሁ የጎረቤታችሁን ጥርስ እየሰማችሁ ጠጋ በሉ።

በድሮ ጊዜ፣ እንስሳት ተቀጥረው ደመወዝ በሚበሉበት ዘመን፣ በአንድ ወንዝ ዳር አንድ የውኃ ወፍጮ ነበረ። የወፍጮው ባለቤት አያ አንበሶ ነው። አገሩ ሁሉ እህሉን ያመጣል፣ አያ አንበሶ ከመጣው እህል ድርሻውን ያነሣል፣ ያነሣውንም ጎተራው ውስጥ ይገለብጣል።

ወፍጮ ቤቱ ሦስት ሠራተኞች ነበሩት። እመት ጦጣ የሒሳብ ሹም ነበረች። የጎተራው ክዳን ላይ ተቀምጣ የገባውንና የወጣውን በጣቶቿ ትቆጥራለች፤ ጣቶቿ ሲያልቁባት በጅራቷ ትቀጥላለች። አያ ጅቦ የጥበቃ ሹም ነበረ። ቀን ቀን ከዋርካው ሥር ተኝቶ ይጠብቃል፤ ማታ ማታ የት ሄዶ እንደሚጠብቅ የሚጠይቀው የለም። እመት አህያ ደግሞ ጫኝ ነበረች። ከመንደር ወደ ወፍጮ እህል ትጭናለች፣ ከወፍጮ ወደ መንደር ዱቄት ትጭናለች፣ የምትጭነው ሲጠፋ እመት ጦጣን ትጭናለች። ሹም አልነበረችም።

ደመወዛቸው እንደ ማዕረጋቸው ነው። እመት ጦጣ በየወሩ በዳውላ ትቀበላለች። አያ ጅቦም በየወሩ በዳውላ ይቀበላል፤ ጅብ ገብስ አይበላም፣ ነገር ግን ደመወዝ ነውና ተቀብሎ ዋሻው ውስጥ ይከምረዋል። እመት አህያ በየሳምንቱ ጥቂት እፍኝ ገብስ ትቀበላለች። እሷ ደግሞ ገብሱን ትበላዋለች፤ ስለዚህ የምትከምረው አልነበራትም።

ይህ ነገር ባልከነከናት ነበር። ግን ዳሚት የምትባል ለጋብቻ የደረሰች ልጅ ነበረቻት። ዳሚትን የጠየቋት ከበረሃው አፋፍ የመጡ ጨው ጫኞች ናቸው፤ ቃጭል አንገታቸው ላይ የሚያስሩ፣ ሲሄዱ አገር የሚሰማቸው፣ ኩሩ አህዮች። ሽማግሌ በላኩ ቁጥር የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፤ ድግሱ ስንት ቀን ይበላል? እመት አህያም በዚያም ዓመት "ለከርሞ" አለች፣ ለከርሞውም "ለከርሞ" አለች። ጨው ጫኞቹ ሦስተኛ "ለከርሞ" ከሰሙ ቃጭላቸውን ወደ ሌላ በር እንደሚያዞሩ አስነገሩ።

እንደዚህ ሆኖ ሳለ አዝመራው ሠመረ። እህሉ ወፍጮ ቤቱን አጥለቀለቀው፤ ጎተራው ሞልቶ ክዳኑ አልገጥም አለ። አያ አንበሶም እመት ጦጣን ጠርቶ፣ ዓመቱ እንዲህ ካማረ ለሠራተኞቼ ጉርሻ ልስጥ፣ ግን አንዱን ወደደ ሌላውን ጠላ እንዳልባል እፈራለሁ፣ እንዴት አድርጌ ላካፍል ብሎ አማከራት።

እመት ጦጣ ብብቷን አከከች። አንድ ነገር ስታስብ ብብቷን ታካለች።

"ጌታዬ፣" አለች፣ "ሁሉም የዓመት ደመወዙን ከአስር አንድ ይውሰድ። ለኔም ከአስር አንድ ነው፤ ለአያ ጅቦም ከአስር አንድ ነው፤ ለእመት አህያም ከአስር አንድ ነው። ከዚህ የበለጠ እኩልነት ከየት ይመጣል?"

አያ አንበሶ ነገሩ ጣፈጠው። አንድ ቃል ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ሳይለወጥ ሲመጣ እውነት መሆን አለበት ብሎ ያምን ነበር። ወዲያው ዋርካው ሥር ቆሞ ሠራተኞቹን ሰበሰበና አወጀ።

"ዘንድሮ ጉርሻ አለ። ለሁላችሁም እኩል፣ ከአስር አንድ።"

የእመት አህያ ጆሮ ትልቅ መሆኑን ታውቃላችሁ። ትልቅ ጆሮ ግን አንድ ችግር አለበት፤ ደስ የሚለውን ቃል ቀድሞ ይይዝና ለሚቀጥለው ቃል ቦታ ያጣል። "ለሁላችሁም እኩል" የሚለውን ያዘ። "ከአስር አንድ" የሚለው በአጠገቡ አልፎ ከነፋሱ ጋር ሄደ።

እመት አህያ አያ ጅቦን አየችው፣ እመት ጦጣን አየቻት፣ ከነዚህ ጋር እኩል ከሆንኩማ አለች በልቧ። ዳውላው ታያት። ሁለተኛው ዳውላ ታያት። ቤቷ እስክትደርስ ጎተራ ሠርታ ጨረሰች። ለጨው ጫኞቹ መልእክት መስደድ ፈለገች፤ ቁራን እንዳትልክ ቁራ ሄዶ ይቀራል ተብሎ ይታማል፣ ስለዚህ ፈጣኗን ቆቅ ላከች። በጥር ኑ፣ ሦስት ቀን ይበላል፣ ዘመድ አዝማዳችሁን ሳታስቀሩ ኑ አለች። በዚያው አፏ አያ አንበሶንም፣ እመት ጦጣንም፣ አያ ጅቦንም ጠራች። ባሏ ይህን ሁሉ ሲሰማ ምንም አላለም። ባሏ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይልም።

የጉርሻው ቀን ደረሰ። የሚሰፈረው በወፍጮ ቤቱ ቁና ነው። ቁናዋ አሮጊት ናት፣ ጠርዟ የተላላጠ፣ አፏም እንደ ጠርዟ ያልተገደበ። ለእመት ጦጣ ሲሰፈር ቁናዋ ጎተራ ገባች ወጣች፣ ገባች ወጣች፣ በመጨረሻ ወገቤን አለች። ለአያ ጅቦ ሲሰፈርም ገባች ወጣች፣ ገባች ወጣች፣ በዚያ ላይ አሁንስ ልትጨርሱኝ ነው አለች። የእመት አህያ ተራ ሲደርስ አንዴ ገብታ ወጣች። ገብሱ ቂጧን ሸፍኖ እዚያው ቆመ። እመት ጦጣ ትርፍ እንዳይኖረው በመዳፏ አስተካክላ ልትጠርገው እጇን ሰደደች፤ የሚጠረግ አልነበረም።

እመት አህያ የሚጨመር ካለ ብላ ጠበቀች። ከኋላዋ ማንም እንደሌለ፣ ጎተራውም እንደተከደነ ስታይ ቀሪው መቼ እንደሚሰጥ ጠየቀች። ይኸው ነው ተባለች። ለዚህች ጆንያ ማባከን አይገባም ተብሎም ገብሷን ከነቁናዋ አንጠልጥላ እንድትሄድ፣ ቁናዋንም በኋላ እንድትመልስ ተፈቀደላት።

መንገድ ላይ ቁናዋ ዝም ማለት አልሆነላትም። ዕድሜዬን ሙሉ ስሰፍር ኖሬአለሁ አለች፤ ዛሬ ግን ተሞልቼ ነው ወይስ ባዶዬን ብዬ ሁለት ጊዜ ወደ ውስጤ ተመለከትኩ አለች። እመት አህያ የምታስበው ቆቅን ነበር። ምነው ቁራን በላክሁ ትል ነበር።

በማግስቱ ወደ እመት ጦጣ ሄደች። እመት ጦጣ ሾላ እየላጠች በደግነት ተቀበለቻት።

"እመት ጦጣ፣ ጉርሻው እኩል ነው ተብሎ አልነበረም ወይ?" አለቻት።

"እኩል ነውኮ። ደመወዝሽ ትንሽ ስለሆነ ነው ጉርሻሽ ትንሽ የሆነው።"

"ደመወዜስ ለምን ትንሽ ሆነ?"

"ትንሽ ሠራተኛ ስለሆንሽ።"

"ትንሽ ሠራተኛ መሆኔ በምን ታወቀ?"

"በደመወዝሽ ነዋ፣" አለች እመት ጦጣ፣ ሾላውን ጎረሰችና።

እመት አህያ ነገሩ የሆነ ቦታ ላይ እንደሚዞር ገባት፤ የቱ ጋ እንደሚዞር ግን ልትይዘው አልቻለችም። አመስግና ወጣች።

ቀጥላ ወደ አያ ጅቦ ሄደች። ብቻዋን እንዳትሄድ ባሏን ልትወስደው አስባ ነበር፤ ኋላ ግን የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የተባለው ስለማን እንደሆነ ትዝ ሲላት ተወችው። አያ ጅቦ ችግሯን ሰምቶ በጣም አዘነ። ገብሱ ዋሻው ውስጥ ዝም ብሎ እንደተከመረ፣ እሱም እንደማይበላው፣ ለእንዲህ ያለ ቁም ነገር ቢውል ደስታውን እንደማይችለው ነገራት። ብቻ ቀን ቀን ሥራ ላይ ነኝና አመሻሽ ላይ ብቅ በዪ፣ ብቻሽን ነዪ፣ እራትም አብረን እንበላለን አላት። እራቱ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። አያ ጅቦ ታፋዋን ዐይቶ ምራቁን ዋጠ። እመት አህያም ልጅ ጥዬ መጥቻለሁ ብላ፣ ፊቷን ከእሱ ሳታዞር፣ ወደ ኋላዋ እየተራመደች እስከ ወንዙ ድረስ ሄደች።

በመጨረሻ ወደ አያ አንበሶ ሄደች። ሌሊቱን ሙሉ የምትለውን ስታጠና አድራለች። ጌታዬ፣ ልበል፤ ጉርሻው ለሰርግ አይበቃም፣ ልበል፤ እኩል ያሉት እኩል አልሆነም፣ ልበል። አያ አንበሶ ግን በልቶ ተኝቶ ነበረና ሲነቃ አዛጋ። ሲያዛጋ እመት አህያ ጥርሶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ያጠናችውም ሁሉ ከሆዷ ጠፋ።

ጉርሻው እኩል ደረሰሽ ወይ ሲላት አዎን ጌታዬ አለች። ደስ አለሽ ወይ ሲላት ደስ ብሎኛል አለች። ይባስ ብላ መሬት ስማ አመሰገነች። አያ አንበሶም በምስጋናዋ ልቡ ተነካና፣ ሌላ ሥራ ስላለኝ ከሰርግሽ ልቀር አስቤ ነበር፣ አሁን ግን ጠላሽን ሳልቀምስ አልቀርም አላት። እንግዲህ ሄዳ ችግሯን ልትቀንስ፣ አንድ አንበሳ ጨምራበት ተመለሰች።

ጥር ገባ። ጨው ጫኞቹ መጡ። ከመታየታቸው በፊት ቃጭላቸው ተሰማ፣ ከቃጭሉ በፊት አቧራቸው ታየ። ዘመድ አዝማዳችሁን አታስቀሩ የተባሉት ነገር በደንብ ገብቷቸዋል፤ ያስቀሩት የለም። ከፊት የምትመራቸው የሙሽራው እናት ናት፤ ወፍራም፣ ቀስ ብላ የምትራመድ፣ ጨው የለመደ አፍንጫዋን ወደ ዳሱ አዙራ አንዴ አሽታ የድግሱን ልክ የምታውቅ ሴት። አሸተተችና ቅንድቧን አነሣች። አያ አንበሶ በዳሱ ራስጌ ተቀመጠ። እመት ጦጣና አያ ጅቦ በቀኝና በግራው ተቀመጡ። ሁሉም ጓዳውን ማየት ጀመረ።

ጓዳ ውስጥ እመት አህያ ከቁናዋ ጋር ተፋጥጣለች። ያላት ያችው ገብስ ናት። ቆልታታለች፤ ሲቆላ የበረከተ እህል ደግሞ የለም። ባሏን ምን እናድርግ ብትለው፣ እኔ ድሮም አላልኩሽም ወይ አላት፤ ያለው ነገር ግን አልነበረም። በትንሿ መስኮት ዳሚትን አየቻት፤ አንገቷን ደፍታ፣ ሙሽራው አጠገብ፣ ጆሮዋ ላይ አበባ አስራ ተቀምጣለች። ያኔ እመት አህያ ተነሣች። ቆሎዋን አሥር ቦታ ከፈለች። አንዷን ክፍል በሾላ ቅጠል ላይ አድርጋ ወደ ዳሱ ገባችና አያ አንበሶ ፊት አኖረችው።

አንበሳ ቆሎ ይበላል ወይ እንዳትሉኝ። በተረት ይበላል።

አያ አንበሶ ቅጠሉን አየው። "ይህ ምንድን ነው?"

"ጉርሻዎ ነው ጌታዬ፣" አለች። "ካለኝ ከአስር አንድ ነው።"

አያ አንበሶ ቅጠሉን ምላሱ ላይ ገለበጠና ጠበቀ። ከዚያ አፉን ዘግቶ እንደገና ጠበቀ።

"አፌ ምንም አልመጣም ይላል፣" አለ።

"የኔም አፍ የዚያን ቀን እንደዚሁ ነበር ያለው፣ ጌታዬ።"

እመት ጦጣ የዳሱን ምሰሶዎች ታጠና ጀመር፤ የትኛው ላይ ቶሎ መውጣት እንደሚቻል። አያ አንበሶም፣ መሬት ስመሽ አመስግነሽኝ አልነበረም ወይ ሲል ጠየቃት።

"ፈርቼ ነው፣" አለች እመት አህያ። "ዛሬም ፈርቻለሁ። ነገር ግን ዛሬ ከእርስዎ ይልቅ አማቶቼን ፈራሁ።"

አያ አንበሶ ቁናዋ ከጓዳ እንድትመጣ አዘዘ፤ የሰፈረች እሷ ናትና። ቁናዋ ለመናገር ሁለት ጊዜ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ለእመት ጦጣ ስትሰፍር ወገቧን እንዳመማት፣ ለአያ ጅቦ ስትሰፍር የተላላጠ ጠርዟ ይብሱን እንደተላላጠ፣ ለእመት አህያ ስትሰፍር ግን ሥራ መጀመሯን ሳታውቅ ሥራው እንዳለቀባት አንድም ሳታስቀር ተናገረች። አያ አንበሶ እኩል ሲል የሰማው እኩል የሚለውን ቃል ብቻ ነበር፤ ቁና ተመልክቶ አያውቅም። ወደ እመት ጦጣ ዞረ።

እመት ጦጣ ምሰሶዎቹን ማጥናቱን ተወች። ሒሳቧን ሲነኩባት አትወድም።

"ሒሳቡ ትክክል ነው፣ ጌታዬ። ከአስር አንድ ጥሩ ሕግ ነው። ለትልቁም ለትንሹም ይሠራል።"

የእመት አህያ ጆሮ፣ ያ ደስ የሚለውን ቃል ቀድሞ የሚይዘው ጆሮ፣ "ለትልቁም" የምትለውን ያዘ። በዚህ ጊዜ ግን የቀረውንም አላስመለጠም።

"እንዲያ ከሆነ እሰየው፣" አለች። "ሰርግ የመጣ እንግዳ ለሙሽሮች ጣል ሳያደርግ አይነሣም። ስንት ይጣል እየተባለ ሁልጊዜ ያጣላል። ዛሬ በጌታዬ ሕግ ይሁን። ለሁላችንም እኩል፤ ሁሉም ካለው ከአስር አንድ።"

የሙሽራው እናት ይህን ስትሰማ ያነሣችው ቅንድብ ወረደ። ጨው የጫነ ሰው ሕግ ይወዳል አለች፤ ልጆቿን ጠርታም ከጫኑት አሞሌ ከአስር አንዱን እየነጠሉ ዳሱ መሃል እንዲደረድሩ አደረገች። ነጭ ክምር ተሠራ። አያ አንበሶ ክምሩን ሲያይ ሕጉ የሱ መሆኑ አኮራውና ይሁን አለ። ይሁን ካለ በኋላ ማሰብ ጀመረ።

"እመት ጦጣ፣ የኔ ከአስር አንድ ስንት ይሆናል?"

እመት ጦጣ በጣቶቿ ቆጠረች። ጣቶቿ አለቁ። በጅራቷ ቀጠለች። ጅራቷም አለቀ።

"ጌታዬ፣ ለእርስዎ ስሌቱ ሌላ ነው፣" አለች።

"ለምን ሌላ ይሆናል?"

"በጣም ብዙ ስለሚሆን።"

"ላንቺ ሲሆንም ብዙ ሆኖ ነበር፤ ያኔ ግን ሌላ ስሌት አላመጣሽልኝም።"

ከዳሱ ጥግ አንድ ጨው ጫኝ ሳቁን መያዝ አቅቶት አናፋ። አንድ አህያ ሲያናፋ ሌላው ዝም አይልም፤ ዳሱ በሙሉ አናፋ። አያ አንበሶ ተቆጣ፤ ጎፈሩ ቆመ። እመት አህያ ዐይኗን ጨፍና እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል አለች፤ ልጇ ባለችበት ይህን ማሰቧ ወዲያው አሳፈራትና ዐይኗን ገለጠች። አያ አንበሶ ግን የሚያየው ጨው ጫኞቹን ነበር። ጨው የማይደርስበት አገር የለም፤ ጨው የደረሰበት ደግሞ ወሬው አብሮ ይደርሳል። አንበሳ ከገዛ ሕጉ ሸሸ የሚባል ወሬ በጨው ተነክሮ ከሄደ አይበላሽም፣ ዘመን ይሻገራል። ጎፈሩን መልሶ አስተኛና ጎተራውን ክፈቱ አለ።

አያ ጅቦ ያለኝ ረሃብ ብቻ ነው፣ ከፈለጋችሁ ከአስር አንዱን ውሰዱ ብሎ ነበር። ዋሻው ሲፈተሽ የዓመታት ገብሱ ተገኘ፤ ከፊሉን አይጥ እየበላው፣ ከፊሉ በቅሎ። ከአስር አንዱ ተቆጥሮ ሲወጣበት የማይበላው እህል እንደዚያ ያሳዝነኛል ብሎ አላሰበም ነበር። እመት ጦጣም የራሷን አወጣች፤ እሷ ግን ስትሰፍር መዳፏ ደጋግሞ ቁናዋን ይጠርግ ነበርና ቁናዋ ሦስት ጊዜ ኧረ እጅሽን አለቻት።

ያን ዕለት ከጎተራ ወደ ዳስ እህሉን ያጋዘው የእመት አህያ ባል ነው። የሙሽሪት እናት አትጭንም ብላ የሙሽራው እናት ጭነቱን እሱ ላይ ጫነችበት፤ ምንም ሳይል ጫነ። ሰርጉ ሦስት ቀን ተበላ። ዳሚት ቃጭል አንገቷ ላይ ታስሮላት ከጨው ጫኞቹ ጋር ስትሄድ እመት አህያ ቃጭሉ እስኪጠፋ ድረስ ቆማ ሰማች። ትልቅ ጆሮ ለዚያ ጠቀማት፤ ሌላው ከሰማው በላይ ረዘም አድርጋ ሰማችው።

ዓመቱ ዞሮ ጎተራው እንደገና ሞላ። አያ አንበሶ ጉርሻ በአንድ ልክ ቁና ይሁን፣ ለሹምም ለጫኝም አንድ ይሁን አለ። እመት ጦጣ፣ ሹምና ጫኝ እኩል ከጎረሱ ሹም መሆን ምን ይጠቅማል ብላ ብብቷን አከከች። ደመወዝሽን አልነካሁብሽም አላት አያ አንበሶ፤ ጉርሻ ግን ዓመቱ ስላማረ የመጣ ነው፣ ዓመቱ ያማረው ደግሞ በሦስታችሁም ነው። አያ ጅቦ በዚህ ተቀይሞ ሥራውን ጥሎ ሄደ። ሦስት ቀን ቀረ። ዋርካው ሥር አለመኖሩን ያወቀ ሰው እንደሌለ ሲሰማ በአራተኛው ቀን ተመልሶ ተኛ።

እመት አህያስ? አዋጁ ሲነገር ጆሮዋን ወደ ፊት ዘርግታ እስከ መጨረሻው ሰማች። ቆቅን አልላከችም፣ ቁራንም አልላከችም። ለእያንዳንዳችሁ ሦስት ቁና ሲባል ሁሉም ሲያጨበጭብ እሷ እግሯን አነሣች።

"ጌታዬ፣" አለች፣ "በየትኛው ቁና?"

ተረቴን ሰጥቻችኋለሁ፤ እናንተ ዕድሜ ስጡኝ። አዋጅ ጆሮ ይሞላል፤ ሆድ የሚሞላው ግን ስፍር ነው።